አርማውን አጣምሜ ስለሳልኩ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ሕግ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ እንጀራዬም የማስታወቂያ ጽሑፍና ሥዕል። ሐይቁ ዳር የሚጠራቀመው የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢያንገበግበኝ፣ አሞራ ገደል አቅራቢያ በአንድ ወዳጄ አጥር ላይ፣ በእሱው ፈቃድ፣ አንድ ትልቅ አባ ኮዳ (ሐይቁ ዳር የሚውለውን ወፍ) ሳልኩ። አንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት በጠርሙስ ተወጥሯል። ጠርሙሶቹ ላይ የአንድ የታሸገ ውኃ ድርጅት አርማ አለ፤ አርማው ላይ ያለውን የውኃ ጠብታ ግን ዓይን ጨምሬበት እንባ አደረግኩት። (እውነቱን ለመናገር ከሥዕሉ ሁሉ ያማረልኝ እሱ ነው።)

ከ6 ቀን በፊት ከድርጅቱ ጠበቃ ደብዳቤ መጣ፦ በ10 ቀን ውስጥ አጥፋ፣ ካሳም ክፈል። የተጠቀሰው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። እኔ ውኃ አልሸጥኩ፤ በሥዕሉም ሳንቲም አላገኘሁ። አርማን ለንግድ መጠቀምና አርማን መተቸት በሕግ ዓይን አንድ ናቸው? የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ ሳገላብጥ ስለ መጥቀስ የሚናገር አንቀጽ አገኘሁ፤ ሥዕልስ ሥዕልን ይጠቅሳል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን መብት ይለዋል። ይህን በመልሴ ላይ ባነሳው ያዋጣኛል?

ይባስ ብሎ አንድ ልጅ ሥዕሌን ፎቶ አንሥቶ፣ ካናቴራ ላይ አትሞ እየሸጠው ነው። በየትኛው አፌ ልቆጣው?

ለደብዳቤው ምን ብዬ ልመልስ? የቀረኝ 4 ቀን ነው፤ ባለ አጥሩ ወዳጄም ኖራ ገዝቶ አስቀምጧል።