የመኖሪያ መኪና የወጥ ቤት ቧንቧን በቤት ሚክሰር መተካት ይቻላል?

ጥያቄ፦ መንገደኛ

ጤና ይስጥልኝ። የምንጓዝባት መኖሪያ መኪና 14 ዓመት ሆኗታል፤ የወጥ ቤቷ ቧንቧም ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት፣ ሁለት እጀታ ያለው፣ ከላይ ብረት መስሎ የተቀባ የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ የሙቅ ውሃው እጀታ በተከፈተ ቁጥር ከአንገቱ ሥር ውሃ ማዠት ጀምሯል። ጠብታዋ ከእጀታው ጀርባ ቀስ ብላ ትጠራቀምና የላቫንዲኖውን ጠርዝ ተከትላ ወደ ታችኛው ቁም ሣጥን ትወርዳለች፤ ከሥር ያለው ጣውላ ከማበጡ የተነሣ የቁም ሣጥኑ በር አልዘጋ ብሏል። የውስጡን ጎማ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ነበር፤ ነገር ግን የተሰነጠቀው ፕላስቲኩ ራሱ ስለሆነ ጥገናው አልበረከተልኝም።

ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጥ ባለ አንድ እጀታ የብረት ሚክሰር (ሙቁንና ቀዝቃዛውን ውሃ የሚያቀላቅል ቧንቧ) ገዛሁ። የእጅ ባትሪ ይዤ ከላቫንዲኖው ሥር ስገባ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በቤት እንደለመድነው ከሥር የሚዘጋ ቫልቭ የለም፤ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ የሆኑት የፔክስ (የፕላስቲክ ዓይነት) ቱቦዎች በቀጥታ መጥተው በእጅ በሚጠብቅ የፕላስቲክ ዳዶ ከቧንቧው ጋር ተገናኝተዋል። የአዲሱ ሚክሰር ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ ቱቦ) ዳዶ ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ሁለቱም ሴቴ ጥርስ (ጥርሳቸው በውስጥ በኩል) ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ሊይዝ አይችልም።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው፤ ውሃውን ሙሉ በሙሉ መዝጋቴን የማረጋግጠው እንዴት ነው? ሁለቱን በምን ላገናኛቸው? የላቫንዲኖው ቆርቆሮ በጣት ሲጫኑት የሚለምጥ ስስ ስለሆነስ፣ ከበድ ያለው የብረት ሚክሰር የመንገዱን ንዝረት ችሎ ይቀመጥበታል?

መልስ፦ የቧንቧ ሠራተኛ

ችግሩን በጥንቃቄ ስላስረዱን መልስ ለመስጠትም አልተቸገርንም። የቧንቧ ሥራ መተዳደሪያዬ ነው፤ በእንዲህ ያሉ መኪኖች ላይም በተደጋጋሚ ሠርቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው። በቤት ውስጥ አንድ ቫልቭ ከተዘጋ በቂ ነው፤ በመኖሪያ መኪና ግን ውሃው የሚመጣው ከሦስት በኩል ነው። አንደኛው በ12 ቮልት ፓምፕ ከመኪናው ታንከር የሚሳበው ነው፤ ሁለተኛው መኪናው በቆመበት ሥፍራ ከውጭ በጎማ ቱቦ የሚገባው ነው። እነዚህን ሰው ሁሉ ያስታውሳል። የሚረሳው ሦስተኛው፣ ማለትም ቦይለሩ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ 23 ሊትር ያህል የሚይዘው ይህ በርሜል በውስጡ የታመቀ አየር ስላለው፣ ፓምፑ ጠፍቶም ቢሆን ሙቅ ውሃ ወደ ቧንቧው ይገፋል። ፓምፑን ብቻ አጥፍቶ ዳዶውን የፈታ ሰው ፊቱ ላይ የሚረጨው ብዙውን ጊዜ ይህ ውሃ ነው።

ስለሆነም ቀድመው የቦይለሩን ጋዝም ሆነ ኤሌክትሪክ ያጥፉና ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ከዚያ የውጪውን ጎማ ይንቀሉ፣ የፓምፑን ማብሪያ ያጥፉ፣ በመኪናው ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች በሙሉ በሙቁም በቀዝቃዛውም በኩል ከፍተው ውሃው እስኪቆም ድረስ ይተዉአቸው፤ በመጨረሻም ከመኪናው ወለል በታች ያሉትን የማፍሰሻ ቫልቮች ይክፈቱ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቱቦው ውስጥ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቀራልና ከሥር ዝርግ ሳህንና ፎጣ ያስቀምጡ። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ሥራው አልቆ ቦይለሩ እንደገና መሙላቱን፣ ማለትም ከሙቅ ውሃው በኩል አየር የሌለበት ውሃ በእኩል መውረዱን ሳያዩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን አያብሩ። ውሃ በሌለበት የበራ ማሞቂያ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

ወደ መገጣጠሚያው ስንመጣ፣ ያጋጠመዎት የእርስዎ ስሕተት አይደለም። የመኪናው ቱቦ ዳዶ በተለምዶ ግማሽ ኢንች የሚባለው ሲሆን፣ የቤት ሚክሰሮች ፍሌክሲብል ደግሞ በብዙ አገር ገበያ ሦስት ስምንተኛ ኢንች በሚባለው ያልቃል። እነዚህ ስሞች የቧንቧ ስሞች እንጂ በማስመሪያ የሚገኙ ልኬቶች አይደሉም፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባውም በዚህ ነው። ግማሽ ኢንች የተባለው ወንዴ ጥርስ ከውጭ ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ስምንተኛ የተባለው የፍሌክሲብል ዳዶ የሚገባበት ወንዴ ጥርስ ደግሞ በአሜሪካው ልኬት 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወደ ዕቃ መደብር ሲሄዱ ቁጥሩን ብቻ ከመናገር የድሮውን ቧንቧና አዲሱን ፍሌክሲብል ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። የሚፈልጉት ዕቃ በአንድ በኩል ግማሽ ኢንች፣ በሌላው በኩል ሦስት ስምንተኛ ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ጥርስ ያለው ሪዱሰር ነው። ገንዘብዎ ከፈቀደ ግን ይህንኑ ልኬት ከነመዝጊያ ቫልቩ ይግዙና በሙቁም በቀዝቃዛውም ላይ ያስገቡት፤ ወደፊት በመንገድ ላይ ቧንቧው ቢበላሽ ወጥ ቤቱን ብቻ ዘግተው መታጠቢያውን እየተጠቀሙ ለመቆየት ያስችልዎታል።

በጥርስ ላይ ስለሚጠቀለለው ስስ ነጭ ጥብጣብ፣ ስለ ቴፍሎንም አንድ ነገር ልጨምር። በፕላስቲኩ ዳዶ ውስጥ የሾጠጠ ጎማ አለ፤ ውሃውን የሚያግደው ያ ጎማ ነው፣ ጥርሱ ጎማውን ወደ ቦታው ከመጫን ያለፈ ሥራ የለውም። ስለዚህ በዚህ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ዳዶው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል፤ ፕላስቲኩንም ሊሰነጥቀው ይችላል። በእጅ እስኪጠብቅ ካዞሩት በኋላ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ የሚደረግ ኃይል ትርፉ ስንጥቅ ነው።

መልስ፦ አናጢው

ባለሙያው ስለ ውሃው የጻፉት የተሟላ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን አላነሡትም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። በቤት ውስጥ ሚክሰሩ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ አይነቃነቅም፤ በመኪና ግን በየጉድጓዱ ሲዘል ይውላል፤ ከፍ ያለ አንገት ያለው የብረት ሚክሰር ደግሞ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ ቆርቆሮውን ወዲያና ወዲህ ይለምጠዋል። ዳዶውን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ስስ ቆርቆሮ በጠበቀ ቁጥር ወደ ውስጥ ይጎደጉድና በጠርዙ በኩል ለውሃ መግቢያ ይከፍታል።

እኔ የማደርገው ከቆርቆሮው ሥር 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ መጨመር ነው። ኮምፔንሳቶውን ከሚክሰሩ መቀመጫ በየአቅጣጫው ሁለት ሦስት ጣት ያህል አስፍቼ እቆርጠዋለሁ፤ ከላይኛው ቀዳዳ ጋር አስተካክዬ እበሳዋለሁ፤ የተቆረጠውን ጠርዝና የቀዳዳውን ውስጥ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ አጠጥቼ ካደረቅሁት በኋላ በስሱ በተቀባ ሲሊኮን ከሥር አጣብቀዋለሁ። ሚክሰሩ ያን ጊዜ የሚጨብጠው እንጨቱን ስለሚሆን አይወላወልም። ቀለሙን አይዝለሉት፤ እርጥበት የነካው ኮምፔንሳቶ ተሰነጣጥቆ ይለያያል፤ እርስዎም በቁም ሣጥኑ ላይ አይተውታል።

ቀዳዳዎቹንም አስቀድመው ይለኩ። የድሮው ቧንቧ ሁለት እጀታ ስለነበረው ሦስት ቀዳዳ ሳይኖረው አይቀርም፤ በዳርና በዳር ያሉት ከመሐል እስከ መሐል ሲለኩ ወይ 102 ሚሊ ሜትር አለዚያም 203 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ባለ አንድ እጀታው ሚክሰር የሚያስፈልገው የመሐሉን፣ 35 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የተቀሩትን የሚሸፍን ረጅም ሽፋን ሳህን ለብቻው ይሸጣል። ሳህኑ ለየትኛው ርቀት እንደተሠራ ሳያዩ አይግዙ።

በመጨረሻም የላቫንዲኖው መክደኛ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ወይም መኪናዋ ስትቆም የሚወጣና ስትጓዝ የሚገባ ግድግዳ ካላት፣ አዲሱ አንገት በዚያ መንገድ ላይ አለመቆሙን በካርቶን ቆርጠው ይሞክሩት።

መልስ፦ ዝናብ

ከመፍታትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ከድሮው ቧንቧ ሥር ከውሃ ቱቦዎቹ ሌላ ሁለት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይወጣሉ? በተለይ በአውሮፓ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ የሚጠልቅ ትንሽ ፓምፕ ሲሆን፣ የሚነሣውም እጀታው ሲከፈት በቧንቧው ውስጥ ያለች ጥቃቅን ማብሪያ ስትነካ ነው። የቤት ሚክሰር ይህች ማብሪያ ስለሌለችው በትክክል ተገጥሞም ውሃ አይሰጥም፤ ለእንዲህ ያለው መኪና የሚሆነው ለመኪና ተብሎ የተሠራው ብቻ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ታንከሩ ውሃ እያለው ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የፓምፑን ማብሪያ ሲያበሩ ፓምፑ ጥቂት ሠርቶ ራሱን ካቆመ የሚሠራው በግፊት ነው፣ የቤቱ ሚክሰር ይሆንለታል። ጨርሶ ድምፅ ካላሰማና ቧንቧ ሲከፈት ብቻ ከተነሣ ግን ሽቦዎቹን ይፈልጉ።

ምላሽ፦ መንገደኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሽቦ የለም፤ ፓምፑም ጥቂት ሰኮንዶች ሠርቶ ራሱን ያቆማል። ዛሬ ሥራውን ጨረስሁት፤ ሌላ ሰው ይጠቀምበት ይሆናልና ያጋጠመኝን ልጻፍ።

ከሁሉ የከበደኝ የድሮውን ቧንቧ የያዙትን ዳዶዎች መፍታት ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ እጄን ከላቫንዲኖው ጀርባ ብዘረጋ ዳዶው ይነካል እንጂ ፒንሳ የሚዞርበት ቦታ የለም፤ በመጨረሻ የተገላገልሁት ረጅም ዘንግ ባለው፣ ጫፉ እየታጠፈ በሚነክስ የቧንቧ ሠራተኛ ቁልፍ ነው። ኮምፔንሳቶውን እንደተባለው ቀለም አጠጥቼ አጣበቅሁ፤ አሁን ሚክሰሩን በእጄ ይዤ ብወዘውዘው ቆርቆሮው አይንቀሳቀስም።

ውሃውን ስለቅቅ ላይ ላዩን ደረቅ መሰለኝ። ዳሩ ግን ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ፓምፑ ከአራት ደቂቃ በኋላ ሳይነካ ተነሣና አንድ ሰኮንድ ሠርቶ ቆመ። በየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ የሽንት ቤት ወረቀት አነጠፍሁ፤ የሙቁ ውሃ ሪዱሰር ሥር ያለው ወረቀት ላይ የሃያ አምስት ሳንቲም ገንዘብ የምታህል እርጥበት ታየች። ፈትቼ ሳየው የሾጠጠው ጎማ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። አስተካክዬ በእጄ አጠበቅሁትና ሩብ ዙር ጨመርሁ፤ ከዚያ ወዲህ ፓምፑ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሏል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አዲሱ ሚክሰር ውሃ በብዛት ስለሚያወርድ ታንከሩ ቶሎ ያልቃል ብዬ እሰጋለሁ፤ በብርድ ወራትስ ውስጡ ያለው ውሃ እንዳይበርድና እንዳይሰነጥቀው ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቧንቧ ሠራተኛ

በደንብ ሠርተዋል፤ የፓምፑን ድምፅ ማዳመጥዎ በተለይ ደስ አሰኝቶኛል፣ ዓይን የማያየውን ፍሳሽ የሚናገረው እሱ ነውና።

ለፍሰቱ፣ በአንገቱ ጫፍ ያለችውን ወንፊት ፈትተው በደቂቃ 5.7 ሊትር በምታሳልፍ ይተኳት፤ ለሳህን ማጠቢያ በቂ ናት። ለብርዱ ደግሞ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ከድሮው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታንከሩንና ቱቦዎቹን ሲያፈሱ እጀታውን ወደ አንድ በኩል ብቻ ከፍተው ከተዉት በሌላው በኩል ያለው ውሃ በካርትሪጁ (ውሃውን በሚከፍተውና በሚዘጋው የሚክሰሩ ውስጠኛ ክፍል) ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ ሲበርድም አብጦ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እጀታውን መሐል ላይ አድርገው ክፍት ይተዉት። ፀረ ብርድ ፈሳሽ የሚያስገቡ ከሆነ ለመጠጥ ውሃ መስመር ተብሎ የተዘጋጀውን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን ብቻ ይጠቀሙ፤ ባለቀለሙ ፈሳሽ በሙቁም በቀዝቃዛውም በኩል ተራ በተራ እስኪወጣ ድረስ ይክፈቱት። ለሞተር ማቀዝቀዣ የሚሸጠው መርዛማ ስለሆነ ወደዚህ መስመር ፈጽሞ አይግባ።

የውጪውን ጎማ መልሰው ሲያገናኙ የግፊት መቀነሻ ይኑርበት፤ ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት ከ3 እስከ 4 ባር ያህል ነው፣ ከውጭ የሚገባው ግን ከዚያ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱም ወረቀቱን እንደገና አንጥፈው ሚክሰሩን የያዘውን ዳዶ በእጅዎ ይፈትሹት፤ የሚላላ ከሆነ የሚላላው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው።