የኒና ሲሞን ሸክላ ፍጥነቱ ቀንሶብኛልና እርዱኝ

እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የአሜሪካዊቷ ድምፃዊትና ፒያኖ ተጫዋች የኒና ሲሞን የመጀመሪያ አልበም፣ «ሊትል ገርል ብሉ»፣ በሸክላ እንደገና ታትሞ ደርሶኛል። ሆኖም ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ፣ ከአሜሪካ በመጣልኝ ማጫወቻ ስሰማው፣ በተፈጥሮው ጎርናና የሆነው ድምጿ ይበልጥ ይወፍራል፤ በጥንታዊው የሙዚቃ ደራሲ በባኽ ስልት የተጫወተችው ፒያኖም፣ ለእኔ የአልበሙ ልብ እሱ ነው፣ ቅኝቱ በሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። ትራንስፎርመሩ 220 ቮልቱን ወደ 110 ቢያወርደውም የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነውን የአገራችንን የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ ወደ አሜሪካው 60 ስለማይቀይር፣ በደቂቃ ከ33 ጊዜ በላይ መዞር የሚገባው ሸክላ 28 ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል።

ቺንጋው የሚያልፍበትን የሞተሩን ፑሊ በአንድ አምስተኛ አወፍሮ በትክክል የሚቀርጽ የቶርኖ ባለሙያ በፒያሳ ወይም በአራት ኪሎ አካባቢ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ፑሊው ሲወፍርስ የቀድሞው ቺንጋ ያገለግላል ወይስ ረዘም ያለ ያስፈልገዋል?