ድምፄ ተዘግቷል፣ ዜናው ግን አላቆም አለ፤ ሳምንታዊውን የዜና ክፍል ልተወው?

ቀጣሪ_የለሽ፦

ሰላም ቤተሰብ። በግሌ ነው የምሠራው። ቀን ቀን ለድርጅቶች እጽፋለሁ፤ ሪፖርት፣ የድረ ገጽ ጽሑፍ፣ ሲገኝ ትርጉም። ማታ ደግሞ ፖድካስት አለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ይወጣል፣ ግማሹ ቃለ ምልልስ፣ ግማሹ የሳምንቱ ዜና ነው። እንጀራዬ ጽሑፉ ነው። ፖድካስቱ ከሚያስገባው የሚያስወጣው ይበልጣል፣ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ምክንያቱም ድምፁ የሚቀመጥበትም ሆነ የማስተካክልበት ሶፍትዌር ክፍያው በዶላር ነው፣ እሱንም አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ይከፍልልኛል። ከዚያ በፊት አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። የዛሬውን ታውቁታላችሁ።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ይሄ የ2018 ኅዳር ወር ጨረሰኝ። ኅዳር 5 ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ ጂንካ ላይ መገኘቱ ተነገረ። ያዘጋጀሁትን ጥዬ ስለሱ ጻፍኩ፣ ቀዳሁ። ትንፋሼ ሳይመለስ ኅዳር 14 አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን አልፎ ሰሜን ህንድ ደረሰና በረራ አሰረዘ። እንደገና ጣልኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። በመሃል የደንበኛዬ ሪፖርት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ገንዘቡ ያለው ደግሞ እሱ ጋ ነው።

በዚህ ላይ ጉንፋን ያዘኝና ድምፄ ጭራሽ ተዘጋ። ትንሽ ትኩሳትም ነበረኝ። እናቴ ዜና ሰምታ ከደሴ እየደወለች «ጂንካ ሄደሽ ነበር እንዴ?» ትለኛለች። እኔ እንኳን ጂንካ መገናኛም ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ አሞክሳሲሊን ግዢና ዋጪ ይሉኛል።

ምን ትላላችሁ? የዜናውን ክፍል ልተወው? ሰው የሚያዳምጠኝ ለሱ ይመስለኛል። ድምፁንስ ምን ላድርገው?

ነርስ_ነኝ፦

እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ።

መጀመሪያ እናትሽን እናረጋጋ። ማርበርግ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ጋር በመነካካት ነው። እንደ ጉንፋን በአየር አይዛመትም። ከታመመ ሰው ጋር ካልተነካካሽ፣ አፍንጫሽ እየፈሰሰ ድምፅሽ ከተዘጋ፣ የሚመስለው ተራ ጉንፋን ነው። ትኩሳቱ ከበረታ ግን ሐኪም ይይሽ። ጥርጣሬ ያለው ሰው 8335 ወይም 952 ላይ በነጻ ይደውል።

አሞክሳሲሊኑን ተዪው። ድምፅን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስ ላይ አይሠራም። ያለ ማዘዣ እየገዛን የምንውጠው መድኃኒት የምር በሚያስፈልገን ቀን እምቢ እንዲለን እያደረግን ነው። (ያለ ማዘዣ የሚሸጡልንን ነገር ሌላ ቀን አወራበታለሁ፣ አሁን አታናድዱኝ።)

ላንቺ የሚያስፈልግሽ ዝምታ ነው። ዝም ማለት ስልሽ መንሾካሾክም የለም፣ ምክንያቱም ስትንሾካሾኪ የድምፅ አውታሮችሽ ያርፋሉ ብለሽ ታስቢያለሽ እንጂ እንዲያውም ሊጨነቁ ይችላሉ። «እህህ» እያልሽ ጉሮሮሽን አትጥረጊ። ውኃ ጠጪ። እንፋሎት ለጊዜው ያቀልልሻል፣ ነገር ግን የፈላ ድስት ላይ ተደፍቶ ሲታጠን የተቃጠለ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ተጠንቀቂ።

በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። አራት ሳምንት ካለፈው ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂና ጉሮሮሽ በካሜራ ይታይ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ደም ካስተፋሽ ወይም አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቂ።

አንድ ጥያቄ። ማታ ቀድተሽ፣ በልተሽ ወዲያው ነው የምትተኚው? ቃርስ አለብሽ? የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ እየወጣ ድምፅ ያጎረንናል፣ ሰው ግን ሁሉንም በብርድ ያሳብባል።

ዜና_ወዳድ፦

ኧረ እንዳትተዪው! እኔ ፖድካስት የምሰማው ለዜና ነው። ቃለ ምልልስ በየቦታው ሞልቷል። ስለ ማርበርግ ቲክቶክ ላይ ስንት ጉድ ሰማን። አንዱ በጭስ ይድናል ይላል፣ ሌላው የለም በሽታው ራሱ ውሸት ነው ይላል። አንብቦ፣ ተረድቶ በእኛው ቋንቋ ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ሲጠፋ ቦታውን ማን እንደሚይዘው ታውቂያለሽ። ከደከመሽ ቃለ ምልልሱን አስቀሪው።

ብርድልብስ_ስቱዲዮ፦

እኔም እንዳንቺ ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ስቱዲዮዬም ስሜ ላይ እንደምታዪው ነው። ከላይ የተባለው ላይ በከፊል እስማማለሁ። ዜናውን አትተዪው፣ «የሳምንቱ» የሚለውን ተዪው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ህዳሴ ሲመረቅ ሁሉም 5,150 ሜጋ ዋት እያለ የየራሱን ክፍል አወጣ። እኔ ጠበቅኩና አድማጮቼን ቦንድ እንዴት እንደገዙ፣ የወር ደመወዝ ሲዋጣ ቤታቸው እንዴት እንደከረመ፣ 8100 ላይ «ኤ» ብለው የላኩበትን ጊዜ ጠየቅኳቸው። ሰው የድምፅ መልእክት እየላከ አጥለቀለቀኝ። በምርቃቱ ቀን የወጡትን ዛሬ ማንም አይከፍታቸውም፣ ያን ግን አሁንም እየተላላኩ ይሰሙታል።

ጊዜ የማያልፍባቸው ሁለት ክፍሎች ሁልጊዜ ቀድተሽ አስቀምጪ። ታመምሽ? አንዱን ትለቂያለሽ። መብራት ጠፋ? እንደዚያው። ፋይሉንም በሞኖ 64 ኪሎቢት አውጪው። የግማሽ ሰዓት ክፍል 14 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፣ በ128 ግን እጥፉ ነው። ለንግግር ልዩነቱ ብዙም አይሰማም፣ ጥቅል እየገዛ የሚያዳምጥሽ ሰው ግን ይመርቅሻል።

ደግሞ በችኮላ ዜና የምትሠሪ ከሆነ አዋጅ 1185/2012ን አንብቢ። የሐሰት መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። ላስፈራራሽ ፈልጌ አይደለም።

ጡረተኛው_የሬዲዮ_ሰው፦

ልጄ፣ ዕድሜዬን በሬዲዮ ነው የጨረስኩት። እኛ ዘንድ የሚጽፈው አንድ፣ የሚያርመው ሌላ፣ የሚያነበው ሌላ፣ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ሌላ ነበር። አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካል። አንቺ አራቱንም ብቻሽን ሆነሽ ከእነሱ ጋር ትሽቀዳደሚያለሽ። ቀድሞ መናገር ያንቺ ሥራ አይደለም።

ያንን እሳተ ገሞራ ውሰጂ። ሁሉም «ከ12,000 ዓመት በኋላ ፈነዳ» ብሎ አነበበ። የተመዘገበ ፍንዳታ የለውም ማለትና ያን ሁሉ ዘመን ተኝቷል ማለት ግን ለየቅል ነው። ማንም ሳይጽፈው ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ጋ መደወል ይበቃ ነበር፣ ግን ማን ጊዜ አለው? ህንድ ስለተሰረዘው በረራ ሁሉም አወራ። አፍዴራ አካባቢ ግጦሹ አመድ ለብሶ ሳለ የአርብቶ አደሩ ፍየል ምን በላች ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልሰማሁም። ያንቺ ዜና እዚያ ነው ያለው። ለእሱ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትደርሺም አይመሽብሽም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ስለ ገንዘቡ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው። እዚህ አሜሪካም በግል መሥራት ያው ነው። ተቀጥሬ ብሠራ አሠሪዬ ይጋራኝ የነበረውን ጭምር ራሴ ስለምከፍል፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለመንግሥት ጡረታና ለአረጋውያን የጤና መድኅን) 15.3 ከመቶ ይሄዳል። የገቢ ግብሩ ለብቻው ነው። የጤና መድኅኑን ራሴ ነኝ የምገዛው፣ ከታመምኩ ደግሞ ደመወዝ ያለው እረፍት የሚሰጠኝ የለም። ስለዚህ ከሚገባልኝ ከእያንዳንዱ ክፍያ ለሕመም ቀን ብዬ ቆንጥሬ አስቀምጣለሁ። አዲስ ደንበኛ ከሆነ ሥራ ሳልጀምር ግማሹን እቀበላለሁ። ቅር የሚለው ካለ መጨረሻ ላይም የሚያስቸግረኝ እሱ ነው።

ለደንበኛሽ ዛሬውኑ ጻፊለት። «ታምሜያለሁ፣ ሰኞ ይደርስሃል» በቃ። ድምፅሽ ነው እንጂ ጣትሽ አልታመመ።

ቀጣሪ_የለሽ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የፍየሏ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች፣ ሰመራ የማውቀው ሰው ስላለ ድምፄ ሲመለስ ከዚያ እጀምራለሁ። በዚህ ሐሙስ የምለቀው የለኝም። ቀድቼ ያስቀመጥኩት አንድም ስለሌለ አንዲት አጭር ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ አወጣለሁ። ዜና_ወዳድ፣ አትቆጣኝ፣ ዜናው ይኖራል፣ ግን በየሳምንቱ ብዬ ቃል አልገባም። ለደንበኛዬ ጻፍኩለት፣ እሺ ብሎኛል።

ነርሷ፣ ቃሩ አለብኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በልቼ ነው የምተኛው፣ ቡናውም አለ። ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ ነው፣ ልቀጥል?

ነርስ_ነኝ፦

ማሩ ጉሮሮሽን ያለሰልሳል፣ ጠጪው። ዝንጅብሉ ካቃጠለሽ ተዪው። እራትሽን ከመተኛትሽ ሦስት ሰዓት ቀደም አድርጊ፣ የማታውን ቡና ቀንሺ፣ ትራስሽን ሳይሆን የአልጋውን ራስጌ ራሱን ከፍ አድርጊው። ቃሩ ካልተሻለሽ ታይተሽ ነው መድኃኒት የምትጀምሪው፣ ከጓደኛ ተቀብለሽ እንዳይሆን። እናትሽ ሲደውሉ ደግሞ አታውሪ፣ ጻፊላቸው።