የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ሴንተር ጉልበቱን አሞታል፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለ፣ እርዱን

ካፒቴኑ፦
ሰላም ጀማው፣ ነገሩ አስቸኳይ ነው። ዛሬ ጠዋት ልምምድ ላይ ሴንተራችን ሪባውንድ (ከቅርጫቱ የነጠረ ኳስ) ሊይዝ ዘሎ ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ቁጭ አለ። ከሎሚው በታች ነው የሚያመው። ደረጃ ሲወርድ ፊቱ ይቀያየራል። ቅዳሜ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርደን እንጫወታለን፣ እሱ ከሌለ ከቅርጫቱ ስር ቁመት ያለው ሰው የለንም። ጉልበት ቶሎ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ንገሩኝ። ጂም አለ፣ ብረትም አለ። እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።

ሸዋ በር፦
በረዶ ያዙበት። ሌላ አታብዙ።

የሆጤ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ። ወጌሻ ጋ ውሰዱት፣ አሽቶ ይመልሰዋል። ማታ ደግሞ ጥሩ ጥብስ አብሉት፣ ጥብስ የማያድነው ሴንተር አላየሁም 😄

የድሮ ጋርድ፦
ልጆች፣ ይህን ደጋግሜ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ቅርጫት ኳስ የረጅም ርቀት ሩጫ አይደለም። ጨዋታው አራት ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፣ ሜዳው 28 ሜትር ነው። ተጫዋቹ ጥቂት ሰከንድ ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይገፋፋል፣ እንደገና ይነሳል። እኛ አገር ግን ስፖርት ሲባል ሀሳባችን ሁሉ ሩጫ ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ሴንተር ከጋርድ ይለያል። ሴንተሩ በጀርባው እየገፋ ቦታ ይይዛል፣ ጋርዱ ኳስ እየነዳ አቅጣጫ ይቀያይራል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ልምምድ መስጠት ለአባትና ለልጅ አንድ ቁጥር ጫማ መግዛት ነው። የምትሠሩትን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስልህ?

ፊዚዮዋ፦
ካፒቴን፣ መጀመሪያ ይህን መልስልኝ። ጉልበቱ አብጧል? ተቆልፎ አልዘረጋም ይላል? ሲረግጥ ይከዳዋል? ከነዚህ አንዱ ካለ እዚህ መጻፉን ተወውና ሆስፒታል ውሰደው። ከሌለ ደግሞ፣ ህመሙ ዛሬ ነው የጀመረው ወይስ ቆይቷል? ኪሎውስ?

ካፒቴኑ፦
አላበጠም፣ አልተቆለፈም፣ አይከዳውም። ቁመቱ 1.97 ነው፣ 96 ኪሎ ይመዝናል። ለነገሩ ከሰሞኑ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ያመኛል ይል ነበር፣ ሲሟሟቅ ይለቀዋል። አዲስ ፕሮግራም ከጀመርን ወዲህ ነው። ሁላችንም አንድ ነው የምንሠራው፦ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) 80 ኪሎ 8 ጊዜ፣ አራት ዙር። ከዚያ ሳጥን ላይ 100 ዝላይ። በነጋታው የጦሳን ተራራ ወጥቶ መውረድ።

ሸዋ በር፦
በረዶ አልኩ እኮ።

ብረት ቤት፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህን አልቀበለውም። በአራት ቀን ጅማት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የለም። ጅማት በወራት ነው የሚጠነክረው። መጠየቅ ያለብህ ምን እንቀንስለት ብለህ ነው። ስኳቱንም ቶሎ አትውቀሱት። 80 ኪሎ ለሱ ከክብደቱ 0.83 እጅ ነው፣ ብዙም አልከበደውም። ጋርዳችሁ 62 ኪሎ ከሆነ ግን ያው ብረት ለሱ 1.3 እጅ ሊጠጋ ነው። አንድ ወረቀት ላይ አንዱ ይፈዛል፣ ሌላው ይሰበራል። ሴንተሩን የጎዳው ዝላዩና ከጦሳ ቁልቁል መውረዱ ይመስለኛል። 96 ኪሎ ሰው ቁልቁል ሲሮጥ እያንዳንዱን እርምጃ የሚያቆመው የፊት ጭኑና ያ የሎሚው ጅማት ነው።

ፊዚዮዋ፦
ብረት ቤት ያለው ልክ ነው። አይቼ ባልመረምረውም የዘላዮች ጉልበት የሚሉት ዓይነት ይመስላል። ሙሉ በሙሉ አታስተኙት፣ ጅማት ያለ ሥራ ይደክማል። ዝላይና ቁልቁለት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። በምትኩ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሳይንቀሳቀስ 45 ሰከንድ ይቆይ። አምስት ዙር፣ በመሀል 2 ደቂቃ እረፍት። ብዙ ተጫዋች ላይ ህመሙን ለጊዜው ያበርደዋል፣ ጉልበቱም አይቆጣም። ህመሙን ከ10 ስንት እንደሚሰጠው ጠይቀው። ከ3 ካለፈ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በማግስቱ ጠዋት በአንድ እግሩ ትንሽ ቁጢጥ ይበልና ከትናንቱ ጋር ያወዳድር። ከባሰበት መጠኑ በዝቷል ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጥቂት ደቂቃ አጫውቱት፣ ካለፈ አይሰለፍ። ወጌሻውም የሚያመውን ቦታ ራሱን አጥብቆ እንዳያሸው አደራ። በረዶውም ቢያዝ አይከፋም፣ ጅማቱን ግን አያድነውም።

ካፒቴኑ፦
ተባረኪ እህቴ፣ ዛሬ ማታ እንጀምራለን። አሰልጣኛችን ግን ለ12 ሰው 12 ፕሮግራም ማን ይጽፋል ይላል።

ብረት ቤት፦
12 ፕሮግራም አያስፈልግም። ልምምዱ አንድ ይሁን፣ ልኩ ይለያይ። አንድ ደብተር ግዙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ።

የስኳት ልኩን እንዲህ አውጣ። ልጁ በትክክለኛ አቋም 60 ኪሎ ቢበዛ 10 ጊዜ ከሠራ፣ 10ን ለ30 አካፍል፣ 1 ደምር፣ በ60 አባዛ። 80 ይመጣል። አንዴ ብቻ ሊያነሳው የሚችለው ግምት ይኼ ነው። ከዚያ ላይ 75 በመቶውን ስጠው። ሌላው ልጅ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፣ ቦታው ግን ያው ብረቱ ጋ ነው።

ለዝላይ ጠመኔ ይበቃል። ጣቱን ቀብቶ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ የሚደርስበትን ያመልክት፣ ዘሎ ደግሞ ያመልክት። ልዩነቱን በየሰኞው ጻፉ። አንድ ሰው ከለመደው በግልጽ ከወረደ ደክሟል፣ የዚያን ቀን ዝላዩን ቀንሱለት።

ሦስተኛው የድካም ነጥብ ነው። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ከ10 ስንት ከበደህ ብለህ ጠይቅ፣ በደቂቃው አባዛ። 90 ደቂቃ ሠርቶ 7 ካለ 630 ነው፣ 4 ካለ 360። አንድ ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል አብረው ውለው ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። አሰልጣኝህ ይህን ሲያይ ሀሳቡን የሚቀይር ይመስለኛል። የረመዳን ፆም ላይ ያለውን ብረቱን ከአፍጥር በኋላ አድርጉለት። ሁዳዴ የሚፆመው ደግሞ ሽሮና ምስሩን ከፍ ያድርግ። ወሎ ውስጥ ቡድን ይዘህ ሁለቱንም ሳታስብ ፕሮግራም አይወጣም።

የድሮ ጋርድ፦
ቁርጭምጭሚቱን ያየ አለ? ድሮ ተጣሞበት ከነበረ እዚያ ይጀመራል። የእግሩን ጣት ከግድግዳ 10 ሳንቲም አርቆ፣ ተረከዙን ሳያነሳ ጉልበቱ ግድግዳውን ይንካ። አንዱ እግር ነክቶ ሌላው ካልነካ ቁርጭምጭሚቱ ተገትሯል ማለት ነው። ያኔ ሲያርፍ ጫናው ጉልበቱ ላይ ሊበዛ ይችላል። ካፒቴን፣ ሁለቱንም ለክተህ ጻፍልን።

ወልዲያ 9፦
እኛ የሴቶች ቡድን ነን። ይህ የደብተሩ ነገር ለኛም ይሠራል?

ፊዚዮዋ፦
በደንብ ይሠራል የኔ እህት። እናንተ ግን አንድ ነገር ጨምሩ። ዘላችሁ ስታርፉ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተያዩ። በጉልበት መሀል ያለው የመስቀለኛው ጅማት (ACL) መበጠስ በሴቶች ላይ ይበዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም ማንም ሳይነካችሁ ስታርፉ ወይ ስትዞሩ ነው የሚደርሰው። ከፊት ሆናችሁ በስልክ ቅረጹ፣ የሚገባባትን ልጅ ከሳጥን ዝላይ አውርዳችሁ መሬት ላይ በሁለት እግር ቀስ ብሎ ማረፍን አስጀምሯት።