የዕቅድ ውይይት፦ ከግቢያችን ማጣሪያ የሚወጣውን ውሃ እንጠጣ ወይስ አንጠጣ?

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ረቂቁ ከላይ ተለጥፏል። ያላነበበ አንብቦ ይምጣ። አንደኛ፣ ግቢያችን ጥግ ላይ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ታድሶ የሚወጣው ውሃ ለሽንት ቤት፣ ለአትክልትና ለደረጃ ማጠቢያ ይዋል። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ጎረቤት ማህበራት ጋር ሆነን ይህንኑ ውሃ በጭንቅ ወራት እስከ መጠጥ ድረስ ማጣራት ይቻል እንደሆነ ከተማው እንዲያጠናልን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ መዋጮ በቤት 1,500 ብር። እስከ እሁድ አስተያየት ስጡ። ሰኞ ይገባል።

ብሎክ 6፦ ሁለተኛው ይውጣ። ከ12 ብሎክ ሽንት ቤት የወጣ ውሃ ለልጆቼ አላጠጣም። አበቃ።

ብሎክ 4 (ኢንጂነሩ)፦ ማንም ከዚያ ገንዳ ቀድተህ ጠጣ አላለህም። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ከፈረንጆቹ 1968 ጀምሮ ፍሳሿን አጣርታ ትጠጣለች። ከ50 ዓመት በላይ ሆነ። በ2002 ጎሬአንጋብ የሚባል ቦታ ላይ አዲስ ማጣሪያ ሠሩ፤ በቀን 21 ሺህ ሜትር ኩብ የማውጣት አቅም አለው። ጀርም የሚገድል ኦዞን የሚባል ጋዝ አለው፣ የከሰል ማጣሪያ አለው፣ ጀርም የማያሳልፍ ወንፊት አለው፣ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይገባል። ከዚያም ከሌላው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነው ወደ ቤት የሚሄደው። የፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ እዚያ አይገባም፤ መስመሩ ለብቻው ነው። ወደው አይደለም የጀመሩት። አገሩ ደረቅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አጠገባቸው የለም።

ብሎክ 6፦ እኛ በረሃ ላይ አይደለንም። የለገዳዲ ግድብ አለ፣ ድሬ አለ፣ ገፈርሳ አለ፣ የአቃቂ ጉድጓዶች አሉ።

ብሎክ 12፦ አሉ። ታዲያ ቧንቧህ ውስጥ ምን አለ? እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። በፈረቃችን ቀን እንኳን ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል። ጀሪካን የሚያወጣልኝ ልጅ የሚጠይቀኝ ከውሃው ዋጋ ይበልጣል። አንተ ምድር ቤት ሆነህ ለገዳዲ ትላለህ።

ብሎክ 3 (ባለቤት፣ ካሊፎርኒያ)፦ እኔ ኦሬንጅ ካውንቲ ነው የምኖረው። እዚህ ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ የተጣራ ፍሳሽ ወደ ከርሰ ምድር ይገባል፣ በጉድጓድ ወጥቶ ይጠጣል። በ2023 አስፍተውት በቀን 130 ሚሊዮን ጋሎን ደርሷል። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም በግፊት በረቂቅ ሽፋን፣ ከዚያ ጀርም በሚገድል የአልትራቫዮሌት ጨረር ያልፋል። ልጆቼ ያደጉት በዚህ ውሃ ነው። ሁለተኛው ነጥብ ይቆይ።

ብሎክ 6፦ እዚያ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። እዚህ የሚጠጣው ተከራይሽ ነው። እሱ ተጠይቋል?

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ብሎክ 3 ከተነሳ አይቀር፣ የፓምፑ መዋጮ ከዚያ ቤት አልገባም።

ብሎክ 3፦ ለቀድሞው ገንዘብ ያዥ ገብቷል። ደረሰኙ አለኝ። በግል እልክልሃለሁ። ሰው ፊት እንዲህ አይባልም።

ብሎክ 7 (ነርሷ)፦ ፓምፑን ካነሳችሁት እኔም ላንሳው። ፓምፑ ለምን ተቃጠለ? ውሃ በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ሲሽከረከር አድሮ ነው። ተነስቶ የሚያጠፋ ሰው አልነበረም። እኔን የሽንቱ ነገር አያስፈራኝም፤ ማጣሪያው ካጣራው አጣራው ነው። የሚያስፈራኝ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ክሎሪን ሳይገባበት የሚያልፈው ውሃ ነው። ታይፎይድ ክፍል ውስጥ ነው የምውለው። ዊንድሁክም ኦሬንጅ ካውንቲም ሃያ አራት ሰዓት ማሽን ላይ የሚቆም ደመወዝተኛና ላብራቶሪ አላቸው። እኛ አንድ ዘበኛ ነው ያለን፤ እሱም በሩን ትቶ አይሄድም።

ብሎክ 4፦ እኅቴ፣ ልክ ነሽ። ለዚህ ነው ማህበሩ ይሥራው ያላልኩት። መጠጡን ከተማው ያጥና፣ ከተማው ይቆጣጠር። የእኛ ድርሻ ግቢያችንን ለሙከራ እንሰጣለን ማለት ነው። ሌላም ነገር ልጨምር። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ውሃ በአቃቂ ወንዝ ወርዶ በአባ ሳሙኤል ግድብ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዳማ የሚጠጣው ከአዋሽ ተስቦ የተጣራ ውሃ ነው። እኛ የደፋነውን ሌላው አጣርቶ እየጠጣ ነው። እኛ ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ያደገ ቆስጣና ሰላጣ ገዝተን እንበላለን። ልዩነቱ ቆስጣው ላይ ማጣሪያ የለም።

ብሎክ 8፦ በሃይማኖት በኩል ለሚጠይቅ፣ የሳዑዲ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በፈረንጆቹ 1978 ጉዳዩን አይቶታል። በሚገባ ተጣርቶ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ከጠፋ ለውዱእም፣ ለሶላት መታጠቢያ ማለት ነው፣ ይሆናል ብለዋል። ለመጠጥ ደግሞ ጤና እንዳይጎዳ ይታይ ነው ያሉት። ስለዚህ ጥያቄው የነርሷ ጥያቄ ነው። እሱ ይመለስ።

ብሎክ 11፦ ረቂቁ ላይ የተያያዘውን የማጣሪያውን ስዕል አሁን ከፍቼ አየሁት። ሁለተኛው ገንዳ የተሳለው ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ላይ ነው። ይሄን ማን አየ?

ብሎክ 9፦ ምን?

ብሎክ 11፦ ከብሎክ 5 ፊት ለፊት ያለው ሜዳ። ሌላ ድንኳን የሚይዝ ቦታ ግቢው ውስጥ የለም። የእድሩን ዕቃ የምይዘው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

ብሎክ 9፦ ሰው ሲሞት የት ልንቀመጥ ነው? መንገድ ላይ? እኔ የእድር ዳኛ ሆኜ ይሄ ሳይነገረኝ ሰኞ ሊገባ ነበር?

ብሎክ 4፦ ጋሼ፣ ገንዳው ከመሬት በታች ነው። ከላዩ በኮንክሪት ይከደናል። ድንኳኑ በላዩ ይተከላል፣ ምንም አይነካም።

ብሎክ 11፦ ካስማው የት ይመታል? ኮንክሪት ላይ ካስማ ይመታል እንዴ?

ብሎክ 4፦ የብረት ቀለበት ከኮንክሪቱ ጋር ይቀበራል። ገመዱ እሱ ላይ ይታሰራል።

ብሎክ 11፦ ለቀስተኛ ፍሳሽ ላይ አስቀምጠን ንፍሮ ልናቀርብ ነው? እኔ አልችልም። ሽታው ቢወጣስ? በሠልስቱ ቀን?

ብሎክ 12፦ ማጣሪያው ከነብልሽቱ ሳሎኔ መስኮት ሥር ነው ያለው። ሽታውን ለዓመታት የቻልኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ስብሰባ አልተጠራልኝም። ከታደሰ ሽታ የለውም። ድንኳኑ ኮሚናሉ ጀርባ ይተከል።

ብሎክ 11፦ ኮሚናሉ ጀርባ የበዓል በግ የሚታረድበት ነው። ደምና ፈርስ ያለበት ቦታ ሐዘንተኛ አይቀመጥም።

ብሎክ 9፦ መኪኖቹ ይነሱና ማቆሚያው ላይ ይሁን።

ብሎክ 10፦ መኪናዬን የትም አልወስድም። በየወሩ የማቆሚያ እከፍላለሁ። ውጭ ያደረ መኪና ስፖኪዮ ተነቅሎ እንደሚያድር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ብሎክ 9፦ ሬሳ ከቤት ሲወጣ ስለ ስፖኪዮ የምታወራ ከሆነ አንተ ሰው አልሞተብህም ማለት ነው።

ብሎክ 10፦ ጋሼ፣ ይሄ ከባድ ቃል ነው። አባቴን የቀበርኩት አምና ነው። ድንኳኑን ቆመው ያስተከሉት እርስዎ ነበሩ።

ብሎክ 9፦ አውቃለሁ ልጄ። ዝናብ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነበር። ለዚህ ነው ቦታው አይነካ የምለው። መኪናህ ይቀመጥ።

ብሎክ 10፦ ለለቅሶ ከሆነ ሦስት ቀን አነሳለሁ። ለገንዳ ግን አላነሳም።

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ገንዳውን ወደ አጥሩ በኩል ማስጠጋት አይቻልም?

ብሎክ 4፦ አይቻልም። አጥሩ ሥር የመብራት መስመር አለ። ስዕሉ ላይ በቀይ ተሰምሯል። ስለ ገንዳው ቦታ ስንነጋገር አንደኛውም ሁለተኛውም ነጥብ ቆመ። የነርሷን ጥያቄ ረቂቁ ውስጥ ማስገባት ይሻል ነበር።

ብሎክ 6፦ እኔ ደግሞ ፈልጌ አገኘሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ቱውምባ የምትባል ከተማ በፈረንጆቹ 2006 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። 62 በመቶው አንጠጣም አለ። የሠለጠኑት እምቢ ያሉትን እኛ ለምን?

ብሎክ 4፦ እውነት ነው፣ እምቢ ብለዋል። ቴክሳስ ያለችው ዊቺታ ፎልስ ደግሞ ድርቁ ሲጠናባት በ2014 ጠጣች፣ በ2015 ዝናቡ ሲመለስ አቆመች። ሲንጋፖር ከ2003 ጀምሮ አብዛኛውን ለፋብሪካ ትሰጣለች፣ ጥቂቱን ወደ ግድቧ ትጨምራለች። እስራኤል ወደ 90 በመቶ የሚሆነውን ፍሳሿን መልሳ ትጠቀማለች፣ ግን ለእርሻ ነው። ሁሉም እንደ ችግሩ ነው የወሰነው። ጥናት እንዲደረግ መጠየቅ መጠጣት አይደለም። ግን የጭንቁ ቀን ሲመጣ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ማሽኑም፣ ባለሙያውም፣ ላብራቶሪውም ቀድሞ መኖር አለበት። መጋቢት ላይ ቦቴ ስንለምን ጥናት አናስጀምርም።

ብሎክ 7፦ የኦፕሬተር ደመወዝ ከየት እንደሚከፈል ይጻፍበት። ያ ከገባ እፈርማለሁ።

ብሎክ 12፦ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ድንኳኑ ነው እኮ ችግሩ። ለምን ቋሚ ሼድ አንሠራም? ቱቦላሬ ቆሞ ቆርቆሮ ይለብሳል። ካስማም ገመድም አያስፈልግም። ጋሼ እንዳሉት ጭቃም አይኖርም።

ብሎክ 9፦ ይሄ ሐሳብ ነው።

ብሎክ 11፦ ለሠርግም ይሆናል። ድንኳኑም አርጅቷል፣ በሁለት ቦታ ተቀዷል።

ብሎክ 10፦ የእኅቴ ባል በያጅ ነው። በቅናሽ ይሠራል። ሼዱ ከመኪና ማቆሚያው ውጭ ከሆነ እኔ አለሁበት።

ብሎክ 6፦ ለሼድ ከሆነ 1,500 ብሩን ዛሬ እከፍላለሁ።

ብሎክ 3፦ እኔም እልካለሁ። ስጨርስ ግን ደረሰኝ እዚሁ ይለጠፍልኝ።

ብሎክ 12፦ ቆርቆሮው ላይ አሸንዳ ከተደረገ የዝናብ ውሃ ወደ ሮቶ ይገባል። የውሃውም ጉዳይ አብሮ ተፈታ። ኢንጂነር፣ ስንት ይይዛል?

ብሎክ 4፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። ሼዱ 80 ካሬ ቢሆን አንድ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ይሰጣል። ለልብስና ለሽንት ቤት ጥሩ ነው። ግን ስሙኝ። ዝናቡ በብዛት የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ውሃ የሚጠፋብን በበጋ ነው። ጥቅምት ላይ የሞላ ሮቶ መጋቢት አይደርስም። ፍሳሽ ግን ሰው እስካለ ድረስ በየቀኑ አለ። ፕሮፖዛሉ የተነሳው ከዚህ ነበር።

ብሎክ 11፦ ሮቶው የት ይቀመጣል?

ብሎክ 12፦ ከሼዱ ጎን፣ ኮሚናሉ ግድግዳ ላይ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ጎረቤት ማህበራትን ማን ያናግራል? ብሎክ 12 እሄዳለሁ ብለህ ነበር።

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ብሎክ 12?

ብሎክ 12፦ በዚህ ሳምንት ሥራ ላይ ሁለት ሰው ጎድሎብናል። ሌላ ሰው ይሂድ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦ ብሎክ 8?

ብሎክ 8፦ እኔ ለሁለተኛው ነጥብ ከሆነ እሄዳለሁ። ለሼድ ግን ጎረቤት ምን አገባው?

ገንዘብ ያዥ፦ ለሼዱ እስካሁን ቃል የተገባው 1,500 በቤት ነው፤ ሂሳቡ ይሄንን እንጂ የማጣሪያውን ዕድሳት አይችልም። አንዱን ምረጡ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦ በአብዛኛው አስተያየት መሠረት ረቂቁ ተስተካክሏል። አንደኛ፣ በብሎክ 5 ፊት ለፊት ባለ ቆርቆሮ ቋሚ ሼድ። ሁለተኛ፣ አሸንዳና አንድ ሮቶ። ሦስተኛ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ዕድሳት በሚቀጥለው በጀት ይታያል። የመጠጡ ጥናት ለጊዜው ወጥቷል። ሰኞ የሚገባው ይሄ ነው።

ብሎክ 4፦ እንግዲያው ስሜ ከረቂቁ ይውጣ። ለሼድ የኢንጂነር ማህተም የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም። የመጠጡን ጥያቄ ለብቻው ደብዳቤ አድርጌ እጽፋለሁ። የኦፕሬተሩ፣ የላብራቶሪውና የመብራት መጠባበቂያው ጉዳይ በዝርዝር ይገባበታል። በነዋሪ ስም እንጂ በማህበሩ ስም አይሄድም። መፈረም የሚፈልግ ብሎክ 4፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ እገኛለሁ።

ብሎክ 7፦ ነገ ከተረኛነት ስወጣ እመጣለሁ። ሳልፈርም ግን አነባለሁ።

ብሎክ 8፦ እኔም። ለጎረቤት ማህበር የሚወሰድ ካለ ኮፒ ስጠኝ።

ብሎክ 6፦ እኔ አልፈርምም። ግን ማጣሪያው ለሽንት ቤት ይታደስ የሚለው ደብዳቤው ውስጥ ካለ ለእሱ ለብቻው እፈርማለሁ።

ብሎክ 4፦ አንድ ደብዳቤ ነው። አይነጠልም።

ብሎክ 9፦ የሼዱን ቦታ ቅዳሜ ጠዋት እንለካለን። ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ።

ብሎክ 11፦ አሁን ያለው ድንኳን 6 በ12 ነው። ሼዱ ከዚያ አይነስ። ቁመቱም ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ይሁን።

ብሎክ 10፦ በያጁ ቅዳሜ አይመችም ብሏል። እሁድ ከሰዓት።