ላፕቶፑ ከሰስፔንድ ሲነሳ አርዲራንድ ሁሌ 4294967295 ይሰጣል፤ ካሪ ፍላጉ ግን 1 ነው

ደንገል፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባሕር ዳር ጣና ዳር፣ ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች ትኬት የሚቆርጥ በሲ የተጻፈ ፕሮግራም አለ። የትኬቱን መለያ ቁጥር የሚያወጣው ባለ 32 ቢቱን አርዲራንድ (ፕሮሰሰሩ ራሱ የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጥበት ትዕዛዝ) በቀጥታ እየጠራ ነው። ካሪ ፍላጉ (ትዕዛዙ ከተሳካ 1፣ ካልተሳካ 0 የሚሆነው የፕሮሰሰሩ ምልክት) 0 ከሆነ እስከ 10 ጊዜ ይሞክራል፤ የኢንቴል መመሪያ የሚመክረውም ይህንኑ ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪ ለመቆጠብ ላፕቶፑ ታጥፎ ሰስፔንድ ይሆናል (ይተኛል)። ሲከፈት ግን የሚቆረጠው ትኬት ሁሉ 4294967295 ይሆናል፣ ካሪ ፍላጉም 1 ነው። አጥፍቼ ሳስነሳው ይስተካከላል። ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ኤ6 ነው፤ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር የያዘው ሲፒዩኢንፎ ፋይል ላይ ቤተሰብ 22 ይላል። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አዲስ ነው። ፍላጉን እያየሁ ይህ እንዴት ያልፈኛል?

የታንኳ ልጅ፦
ፍተሻህ ልክ ነው፣ ውሸታሙ ሃርድዌሩ ነው። ያየኸው ቁጥር 32ቱም ቢት 1 ሲሆን የሚገኘው ነው። ቤተሰብ 21 እና 22 የሆኑ አንዳንድ የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ፣ ባዮሱ (የማሽኑ ማስነሻ ፕሮግራም) ማሽኑን ከሰስፔንድ ሲያስነሳ አርዲራንድ እንዲሠራ ማድረግ ያለበትን አያደርግም። ትዕዛዙ ግን «ተሳክቷል» እያለ ያንኑ እሴት ይመልሳል። 10 ጊዜ ብትደግመው፣ 1000 ጊዜ ብትደግመው ያው ነው።

«ከርነሉ አዲስ ነው» ላልከው፦ ሊኑክስ በ2019 ለእነዚህ ቤተሰቦች ሲፒዩአይዲ (ፕሮሰሰሩ ምን እንደሚችል የሚናገርበት ትዕዛዝ) ላይ «አርዲራንድ አለኝ» የሚለውን ቢት ደብቆታል። ትዕዛዙ ራሱ ግን አልተዘጋም። ያንተ ፕሮግራም ሲፒዩአይዲን ሳይጠይቅ በቀጥታ ስለሚጠራው መከላከያው አይደርስለትም። ሲፒዩኢንፎ ላይ ከፍላጎቹ ዝርዝር አርዲራንድ ጠፍቶ ከሆነ ከርነሉ ደብቆታል ማለት ነው። ካልጠፋ የከርነሉን ማስነሻ መስመር እይ፤ አርዲራንድን በግድ የሚያበራ አማራጭ ሰው ጨምሮበት ከሆነ አውጣው።

መድኃኒቱ አርዲራንድን ከፕሮግራሙ ነቅሎ ጌትራንደምን (ከከርነሉ የዘፈቀደ ባይት የሚጠየቅበትን ጥሪ) መጥራት ነው። ከሊኑክስ 3.17 ጀምሮ አለ፣ ጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ደግሞ ከ2.25 ወዲህ ይዞታል። የጌትራንደምን የፍላግ መስክ (ካሪ ፍላጉን አይደለም) 0 አድርገህ 8 ባይት ጠይቅ፤ የተመለሰው ቁጥር በትክክል 8 መሆኑን አረጋግጥ። የከርነሉ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ እስከ 256 ባይት ያለው ጥያቄ በሲግናል አይቋረጥም። ከርነሉ አርዲራንድን የሚያየው ከብዙ ምንጮች እንደ አንዱ ነው፤ ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን ከሚያቋርጥባቸው ጊዜዎችና ከሌሎችም ጋር ስለሚደባልቀው አንዱ ምንጭ ሁሌ አንድ ዓይነት ቢሰጥም የሌሎቹን አያበላሽም።

ደንገል፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፕሮግራሙን ብዙ ሳልነካ 4294967295 ሲመጣ ብቻ ብጥለውስ? ሲስተምዲም (የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) እንዲህ አድርጎ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ጭስ ዓባይ፦
አድርጎ ነበር፤ ሁሉም ቢት 0 ወይም ሁሉም ቢት 1 የሆነውን እንደ ውድቀት ቆጥሮ ይጥል ነበር። ሁለት እሴት በመጣል የሚጠፋው ጥራት ከቁጥር አይገባም፣ ስለዚህ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን የሚይዘው የምታውቀውን ብልሽት ብቻ ነው። በ2025 በኤኤምዲ ዜን 5 ፕሮሰሰሮች ላይ የወጣውን ተመልከት፦ የአርዲሲድ (ለሌሎች ማመንጫዎች መነሻ ዘር የሚሰጥ፣ የአርዲራንድ አቻ ትዕዛዝ) ባለ 16ና ባለ 32 ቢት መልኮች ካሪ ፍላጉን 1 አድርገው ከሚገባው በላይ ደጋግመው 0 ይመልሱ ነበር፤ ባለ 64 ቢቱ ደኅና ነው። እዚያ 4294967295ን ብቻ የሚጥል ኮድ ምንም አይረዳም። ደግሞ የዜን 5ቱ ብልሽት በመሃል በመሃል የሚመጣ ነው፣ ተከታታይ እሴቶችን በማወዳደርም ላይያዝ ይችላል።

ሌላው ወጥመድ ፍተሻውን ፕሮግራሙ ሲጀምር ብቻ ማድረግ ነው። ያንተ ማሽን ሲጀምር ጤነኛ ነው፤ የሚታመመው ተኝቶ ሲነሳ ነው። የግድ አርዲራንድን የሚጠራ ኮድ ካለህ፣ ለምሳሌ ከርነል ገና ሳይነሳ የሚሠራ ቡትሎደር፣ በየጥሪው ፈትሽ፤ ውጤቱንም ብቻውን አትጠቀምበት፣ ከሌላ ምንጭ ጋር በሃሽ (ግብዓቶቹን ወደ አንድ እሴት በሚፈጭ ስሌት) ደባልቀው። ለትኬት ፕሮግራም ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ የታንኳ ልጅ ያለውን አድርግ።

ዘጌ ቡና፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ሃርድዌሩ ፍጹም ቢሆን እንኳ 32 ቢት ለመለያ ቁጥር ጠባብ ነው። 77,000 ገደማ ትኬት ላይ ሁለት ተመሳሳይ የማግኘት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ይደርሳል። ለተሳፋሪ እንዲቀል ወደ 6 አሃዝ ካሳጠርከው ደግሞ 1,200 ገደማ ትኬት ይበቃዋል። ስለዚህ ዳታቤዙ ላይ የመለያ ቁጥሩን ዓምድ ልዩ (ድግግሞሽ የማይቀበል) አድርገው፤ ሲጋጭ አዲስ ቁጥር አውጥቶ ይሞክር፣ ከ5 ሙከራ በኋላ ግን ቆሞ ስህተት ያሳይ። ይህ ገደብ ቢኖር ኖሮ ብልሽቱ በሁለተኛው ትኬት ላይ ይጋለጥ ነበር።

ከአንድ ዲስክ ቅጂ ብዙ ማሽን የምትጭን ከሆነ ደግሞ፣ ከመቅዳትህ በፊት የሲስተምዲን ራንደም ሲድ ፋይል (የዘፈቀደ ቁጥር መነሻ ዘር የያዘውን) ሰርዝ፣ የማሽን መለያውንም ባዶ አድርግ። አለዚያ ሁሉም ከአንድ ዘር ይነሳሉ።

ደንገል፦
ወደ ጌትራንደም ቀይሬ፣ 8 ባይት አድርጌ፣ ዓምዱን ልዩ አድርጌዋለሁ። ለሙከራ አርቲሲዌክን (ማሽኑን አስተኝቶ በሰዓቱ የሚቀሰቅሰውን ትዕዛዝ) ሜም በሚለው የሰስፔንድ ዓይነት ላይ አድርጌ ማሽኑን ለ20 ሰከንድ አስተኛሁት፤ ሲነሳ 1000 ቁጥር አስወጣሁ፣ ይህንንም 5 ጊዜ ደገምኩት። አንድም ድግግሞሽ የለም። አሮጌው ኮድ በዚሁ ሙከራ ከመጀመሪያው መተኛት በኋላ 1000ውንም አንድ ዓይነት አውጥቷል። አሁን የቀረው በተመሳሳይ ቁጥር የተቆረጡትን ትኬቶች በቀንና በሰዓታቸው ለይቶ ቁጥራቸውን መቀየር ነው።