ልጄ በእኔና በአባቷ መካከል ተጨንቃለች፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቷ ጋር ከተፋታን ወዲህ የስምንት ዓመት ልጄ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ቅዳሜና እሁድ እሱ ጋር ትሄዳለች። መገናኘታቸውን አልቃወምም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 113 ስለ መጠያየቅም ፍርድ ቤት እንዲወስን ያዛል። ደግሞም አባቷን በጣም ትወደዋለች።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። «እናትሽ ቤት ማን ይመጣል?» ይላታል። የቀለብ ገንዘብ ጉዳይን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነግሮ ይልክብኛል። «ማንን ትመርጫለሽ?» ብሎም ጠይቋታል። ይህ ለልጅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው? እሱ የገዛላትን ጫማ እኔ እንዳይከፋኝ እዚያው ትታው ትመጣለች። እሱ ጋር ስትሆን ደግሞ የእኔን ስም አታነሳም። እሁድ ማታ ሆዷን ያማታል፤ ሐኪም አይቷት ምንም አላገኘባትም።

«ምን በላሽ፣ የት ዋላችሁ» ማለት ያለ ነው። ግን ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ፤ የከሰስኩት መስሎት እልህ እንዳይዝ ፈራሁ። እሷን ሳላስጨንቅ «መምረጥ የለብሽም» የምላት እንዴት ነው? መልእክት በልጅ በኩል እንዳይላክ ፍርድ ቤት ማዘዝ ይችላል? በዚህ ያለፋችሁ፣ ከልጆች ጋር የምትሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ምከሩኝ።